የላፍቶዋ ገብስማ

ላፍቶን የምታውቁ፣ ከዋናው አስፋልት ወረድ ብላችሁ ወደ ወንዙ ስታቀኑ ፎቅ ገና ያልደረሰባቸው፣ የጭቃ ቤትና ሰፋ ያለ ጓሮ ያላቸው ግቢዎች ዛሬም አሉ። ከእነዚህ ግቢዎች በአንዱ ጎጃም ተወልደው፣ በልጅነታቸው አዲስ አበባ ገብተው፣ ልጆቻቸውን እዚያው አሳድገው የዳሩ እናት ይኖራሉ። ሰፈሩ እማማ ይላቸዋል፤ እኔም እማማ እላቸዋለሁ። ሰርቪስ ቤቷን ሳሪስ ጋራዥ የሚሠራ አንድ ወጣት ከሚስቱ ጋር ተከራይቷታል።

ወሩ መስከረም ነው። ልጁ ዶሮ ማርባት አምሮታል። ኅዳር 2015 አርባ ምንጭ ላይ የሌማት ትሩፋት ይፋ ከሆነ ወዲህ በየሰፈሩ ወሬው ሁሉ እንቁላልና ወተት ነበርና እሱም ስልኩ ላይ የሽቦ ኬጅ ሲያይ፣ ሒሳብ ሲደምር ከርሟል። አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ ሳለ እማማ ፊት ተቀመጠና ነገሩን አነሣው።

«እማማ፣ ጓሮውን ከፈቀዱልኝ 50 የፈረንጅ ዶሮ ላስገባ አስቤ ነበር።»

«ዶሮ አርብተህ ታውቃለህ ልጄ?»

«ኧረ አላውቅም።»

«እንግዲያው አምስት ይበቃሃል። አንድ አውራ፣ ሦስት ቄብ፣ አንዲት ደግሞ ፈልፍላ ያሳደገች እናት። ሁሉም የሀበሻ ይሁኑ።»

ልጁ ፊቱ ጠቆረ። ምክንያት ነበረው። ከኔዘርላንድ የመጣችው ቦቫንስ ብራውን በደንብ ከተያዘች በዓመት ወደ 300 እንቁላል ትጥላለች። የሀበሻዋ ዶሮ ከ30 እስከ 60 ብትጥል ነው፤ እሱም ትንንሽ እንቁላል። ሚስቱም ከጎኑ ሆና ይህንኑ ተናገረች። እማማ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«የፈረንጇ መኖ ካልተገዛላት አትጥልም። ጫጩቷን የሚያሞቀው አምፖል ነው፤ መብራት ሲሄድ ምን ልታደርግ ነው? እሷ ራሷ መታቀፍ አታውቅም። የእኔዋ ትታቀፋለች፣ ትፈለፍላለች፣ ጭላት ሲመጣ ክንፏን ዘርግታ ትከላከላለች። አንተ እሷን እያየህ ትማራለህ። ስትማር ደግሞ 50ውን ታስገባለህ።»

እዚህ ላይ እኔ ተራኪው አንድ ነገር ላስገባ። የሀበሻ ዶሮ በእንቁላል ቁጥር ብቻ እየተመዘነች ስትናቅ ስሰማ ሆዴን ይበላኛል። በትግራይ፣ ጉሎ መኸዳ ውስጥ መዝበር በተባለ ጥንታዊ ሰፈር አርኪዮሎጂስቶች ያገኟቸው የዶሮ አጥንቶች ከ2500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸውና በአፍሪካ ከተገኙት እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት የሚመደቡ ናቸው። ይህን ያህል ዘመን በሽታውን፣ ብርዱን፣ ረሃቡንና ጭላቱን አልፋ የመጣች ወፍ ናት። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2008 የሆሮን ዶሮ ከወለጋ አምጥቶ ትውልድ በትውልድ እየመረጠ ማሻሻል የጀመረው ይህንን ጥንካሬ ሳይለቁ እንቁላሉን መጨመር እንደሚቻል አምኖ ነው።   

ወደ ልጁ ልመለስ። እማማ የበዓሉ ሰሞን ግርግር እስኪያልፍ ዶሮ እንዳይገዛ ከለከሉት። በዓል ሲደርስ ዋጋው ይንራል፤ ከዚያም በላይ ከየአገሩ በመኪና ጣሪያ ታስሮ የመጣ ዶሮ ሁሉ አንድ ገበያ ላይ ትንፋሽ ለትንፋሽ ይገናኛል። በሽታ የሚዛመተው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ አብረውት ወጡና እንዴት እንደሚመረጥ አሳዩት። ዶሮዋን አነሡና ደረቷን ዳበሱ፤ የደረቷ አጥንት እንደ ቢላ ከወጣ አልበላችም ማለት ነው። ዓይኗን አዩ፣ አፍንጫዋ መርጠቡን አዩ፣ ገልበጥ አድርገው ከኋላዋ ላባው በኩስ መበከል አለመበከሉን አዩ። ሦስቱ ቄቦች ቀያይ ሆኑ፤ አውራው ወሰራ፤ እናቲቱ ገብስማ። ለገብስማዋ ከሁሉም የበለጠ ተከፈለላት፤ ልጁም በዚህ ቅር ብሎት ነበር።

ቤት ሲደርሱ ወዲያው ወደ ጓሮ አልለቀቋቸውም። ጎረቤት ዶሮዎች አሉና ማድ ቤቱ ጀርባ ለብቻቸው ሁለት ሳምንት ከረሙ። በዚያ ጊዜ ልጁ ቤታቸውን ሠራ። ከጋራዥ ባመጣው አሮጌ ቆርቆሮና በወንፊት ሽቦ የሠራት ጠባብ ቤት ናት፤ ወለሏ ሰጋቱራ የተነሰነሰባት፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ቆጥ የተዘረጋባት፣ ከላይ ነፋስ የምታሳልፍ፣ ከታች ግን የማታስገባ። በሯ ማታ ማታ ይቆለፋል፤ በወንዙ ዳር ሸለምጥማጥ አለ፣ ድመትም አለ። ጥግ ላይ አመድ የሞላበት ሰባራ ገበቴ አስቀመጡላቸው፤ እዚያ እየተንከባለሉ ቅማላቸውን ያራግፋሉ። ምግባቸው ጠዋት እፍኝ እፍኝ ጥሬ፣ ቀን የእንጀራ ፍርፋሪና የጎመን ቅጠል፣ ማታ ፉርሽካ በትንሽ የኑግ ፋጉሎ ተለውሶ ነበር። ገጠር ቢሆን ጭረው ይሞላሉ፤ ከተማ ጓሮ ውስጥ ግን የሚጫረው ጥቂት ነው፤ ካልጨመሩላቸው ይከሳሉ። የእንቁላል ቅርፊትም ይደርቅና ይደቆሳል፤ ለሚጥሉት መልሶ ቅርፊት ይሆናቸዋል።

ኅዳር ላይ ገብስማዋ እንቁላሏን ጥላ ጨረሰችና ከጎጆዋ አልነሣ አለች። ላባዋን ነፍታ፣ እጅ ሲቀርባት እያጉረመረመች ትቀመጣለች። ልጁ የታመመች መሰለውና ሊያስነሣት ነበር፤ ብዙ ሰው እንቁላል እንዳይቋረጥበት እንዲህ ያለችውን ዶሮ ቁልቁል ይሰቅላታል ወይም ሌላ ቤት ወስዶ ያስራታል። እማማ ደርሰው አስጣሉት።

«ተዋት፣ ልትታቀፍ ነው። እንቁላል አዘጋጅላት።»

ይህንን ሥራ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁና በዝርዝር ልንገራችሁ። ከአንድ ሳምንት በላይ ያልቆዩ፣ ያልተሰነጠቁ፣ በጣም ትልቅም በጣም ትንሽም ያልሆኑ 11 እንቁላሎች ተመረጡ። እስኪታቀፉ ድረስ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ሹል ጫፋቸው ወደ ታች ሆኖ ተቀምጠው ነበር። እማማ ከምድጃ ከሰል አንሥተው እያንዳንዳቸው ላይ መስመር አሰመሩ፤ ሌላዋ ዶሮ መጥታ ብትጨምር አዲሱ እንዲታወቅ ነው። ቅርጫት ውስጥ ጭድ ተነጠፈ፣ እንቁላሎቹ ተደረደሩ፣ ገብስማዋ ከመሸ በኋላ በጨለማ ተቀመጠችባቸው። በቀን አንዴ ትነሣለች፤ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትልቅ ኩስ ጥላ አመድ ላይ ትንከባለልና ትመለሳለች። በሳምንቱ ልጁ የስልኩን ባትሪ እንቁላሉ ሥር አብርቶ እያሳለፈ አየ። ሕይወት ያለበት ውስጥ ቀጫጭን ቀይ ደም ሥሮች ከአንድ ጥቁር ነጥብ ተነሥተው ተዘርግተዋል። ሁለቱ ባዶ ነበሩ፤ ወጡ። በ21ኛው ቀን ጠዋት ከሥሯ ድምፅ ተሰማ።

ዘጠኙም ወጡ። ልጁ ወዲያው ጥሬ ሊበትንላቸው ሲል እማማ እጁን ያዙት። ጫጩት ከእንቁላሉ አስኳል የያዘችው ስንቅ አንድ ሁለት ቀን ያቆያታል፤ ሳትቸኩሉ ሁሉም እስኪወጡና እስኪደርቁ መጠበቅ ነው። ከዚያ በኋላ የጫጩት መኖ በትንሹ፣ ውሃ ደግሞ ዝርግ ሳህን ላይ ጠጠር ተጥሎበት ይቀርባል፤ ጠጠሩ ከሌለ ይሰምጣሉ። ወሩ ታኅሣሥ ስለሆነ የላፍቶ ሌሊት ብርዱ ይቆረጥማል። እናት ከሌለች ይህን ብርድ መቻል ይከብዳል፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዙሪያው በድርቆሽ የተሞላ፣ ያለ መብራት በጫጩቶቹ በራሳቸው ሙቀት የሚሠራ ሳጥን ያስተዋወቁት ለዚህ ነው። እዚህ ግን ገብስማዋ ነበረች። ልጁና ሚስቱ ማታ ማታ በሩን ከመቆለፋቸው በፊት ከክንፎቿ ሥር የሚወጡትን ትንንሽ እግሮች ይቆጥሩ ነበር። አንዱን ጭላት ወሰደው፤ አንዱ ደክሞ ሞተ። ሰባቱ አደጉ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ፈንግል።

የዶሮ ቤት ባዶ የሚያደርገው ፈንግል ነው። ዶሮዋ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ አረንጓዴ ኩስ ትጥላለች፣ ክንፏ ይወድቃል፣ አንገቷ ይጠማዘዛል። ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ከገባ ጥቂት ነው የሚተርፈው። እናቶቻችን ፌጦና ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና አረቄ ይሰጣሉ። ከአዘኔታ የመጣ ነውና አልንቀውም፤ ቫይረሱን ግን አያቆመውም። የሚያቆመው ክትባት ነው፤ ክትባቱም የሚሠራው ቢሾፍቱ ነው፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ በብሔራዊው የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም። ዋጋው ለአንድ ዶሮ ሲካፈል ከምንም የሚቆጠር አይደለም።

ታዲያ ለምን ሰው አይከትብም? ብልቃጡ የብዙ ዶሮ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ አይቀመጥም። አምስት ዶሮ ያለው ሰው ለመቶ ዶሮ የሚሆን ብልቃጥ ገዝቶ 95ቱን ሊደፋ ነው። ዶሮዎቹ ገና አምስት ሳሉ ልጁ ተስፋ የቆረጠው እዚህ ላይ ነው፤ እማማ ደግሞ ከመቼውም በላይ የበረቱት። በሚቀጥለው እሑድ ቡና ላይ ጎረቤቶቻቸውን አስቀምጠው «ስንት ዶሮ አለሽ? አንቺስ?» እያሉ ቆጠሩ። የእድራቸውንም ሴቶች ጨመሩ። ከሀና ማርያም በኩል አንድ ዘመድ መጣ። መቶ ሊሞላ ጥቂት ቀረው።

የመጀመሪያው ክትባት በጥቅምት ለትልልቆቹ፣ ቀጥሎ በጥር ከጫጩቶቹ ጋር፣ ከዚያ በሚያዝያ ተሰጠ፤ በየሦስት ወሩ ገደማ ማለት ነው። ልጁ በረዶ ባለው ቴርሞስ ክትባቱን ያመጣል፤ ጠዋት በማለዳ፣ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ ቤት ለቤት ይዞራሉ። አንዱ ክንፏን ሰብስቦ ይይዛታል፣ ሌላው ጭንቅላቷን ወደ ጎን አዘንብሎ ዓይኗ ላይ አንዲት ጠብታ ይጥላል። ጨፍና እስክትገልጥ ድረስ አትለቀቅም፤ ካልጨፈነች ጠብታው ፈስሷል። ብዙ ዶሮ ያላቸው ሁለት ቤቶች ደግሞ በመጠጥ ውሃ የሚሰጠውን ላሶታ የተባለ ክትባት መረጡ። የቧንቧ ውሃችን ክሎሪን ስላለው ክትባቱን ይገድለዋል፤ ስለዚህ የጉድጓድ ውሃ ፈልገው፣ በዚያም ላይ ትንሽ ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት በጥብጠው ሰጡ።

ግንቦት ማብቂያ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ፈንግል ሰፈሩ ደረሰ። ከወንዙ ማዶ ባሉ ግቢዎች ዶሮ በአንድ ሳምንት አለቀ። አንዳንዱ የታመመውን ቶሎ ብሎ ገበያ አወጣ፤ አንዳንዱም የሞተውን ወንዝ ውስጥ ጣለ። ሁለቱም በሽታውን ወደሚቀጥለው ደጅ ማድረስ ነው። የሞተ ዶሮ በጥልቅ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል፤ ሌላ መንገድ የለውም። በዚህኛው በኩል ቡናው ላይ ከተቆጠሩት ቤቶች አንዱ ብቻ ሁለት ዶሮ ሞተበት። በሚያዝያው ክትባት ዕለት ሰርግ ሄደው በሩ ተዘግቶ የተገኘ ቤት ነው። እማማ ይህን ሲሰሙ ሌላ ምንም አላሉም፤ ለዚያ ቤት ባለቤት ሴት ከገብስማዋ የሚቀጥለው እንቁላል እንዲታቀፍላት ብቻ አዘዙ።

ክረምቱ አለፈ። ከሰባቱ አራቱ አውራ ወጡ፣ ሦስቱ ቄብ። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ሁለቱ አውራዎች ልጁ ከጠበቀው በላይ ተሸጡ፤ የሀበሻ አውራ ወጡ ሲንተከተክ ቢቆይ ሥጋው አይበታተንም፣ ባለሙያ ሴት ለዚህ ስትል ትጨምራለች። አንዱ በ12 ብልቱ የእማማን ድስት ሞላ። አራተኛው፣ ገብስማ የሆነው፣ ቀረ።

ልጁ ለዘር ሊያስቀምጠው ፈልጎ ነበር። እማማ ግን ከእናቱና ከእህቶቹ ጋር መዋል እንደሌለበት ነገሩት፤ ዘሩ ይደክማል፣ እንቁላሉም መፈልፈሉን ይቀንሳል። አባቱ ወሰራውም ከሴት ልጆቹ ጋር መቅረት የለበትም። ስለዚህ ልጁ ገብስማውን አውራ ይዞ ሀና ማርያም ወረደ፤ ክትባት ላይ አብሮት ከዞረው ሰው ጋር ቀይ አውራ ለዋወጠ። ወሰራው ደግሞ ዶሮዎቿ ለሞቱባት ሴትዮ ተሰጠ። ቀዩ አውራ ሲመጣ ሚስትየው እንደ ደንቡ ማድ ቤት ጀርባ ለብቻው አስቀመጠችው።

«50ውንስ መቼ ነው የምታስገባው?» አሉት እማማ።

«ለጥቅምቱ ክትባት ብልቃጥ ላመጣ ነው እማማ፤ መጀመሪያ ከወዲያ ማዶ ያሉት ስንት ሊያስከትቡ እንደሚፈልጉ ልጠይቅ።»