ድርሰትን በደረጃ ማስተማር፤ ከጎጃም ቅኔ ቤቶች እስከ ባሕር ዳር መማሪያ ክፍሎች

ለማንኛውም መምህር አንድ ርእስ በሰሌዳ ላይ ጽፎ ተማሪዎቹን «ድርሰት ጻፉ» ማለት አይቸግረውም። የሚቸግረው ለየትኛው ዕድሜ ምን ዓይነት ርእስ እንደሚስማማ፣ ርእሱም ምን ያህል ሊሰፋ ወይም ሊጠብብ እንደሚገባው ለይቶ ማወቁ ነው። ይህ ጥያቄ ከዘመናዊው ትምህርት ጋር ከውጭ የመጣ ይመስላል። ይሁን እንጂ በጎጃምና በጣና ዙሪያ የነበሩት፣ ዛሬም ያልጠፉት ቅኔ ቤቶች ለብዙ ዘመናት ሲመልሱት ኖረዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አመላለሳቸውን መርምሮ ለዛሬው የድርሰት ትምህርት የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው መለየት ነው።

የቅኔ ቤት ሥርዓት

ስለ ቅኔ አጀማመር የሚነገሩት ትውፊቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ ዮሐንስ ገብላዊን፣ ሌሎቹ የጎንጁን ተዋነይን በቀዳሚነት ያነሣሉ። ትውፊቱ ቢለያይም፣ ጎንጅ፣ ዋሸራና ዋድላ የየራሳቸው የቅኔ መንገድ መጠሪያ ሆነው ዘልቀዋል። ከእነዚህ ጎንጅና ዋሸራ የጎጃም፣ ዋድላ የወሎ ናቸው።

ፊደል ለይቶ፣ ዳዊት ደግሞ ወደ ቅኔ ቤት የሚገባው ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከወላጆቹ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ የሚኖር ልጅ ነበር። የትምህርቱ አካሄድ ግን ሥርዓት ያለው ነበር። ተማሪው ከመምህሩ ግስና አገባብ ይማራል፤ መምህሩ በቃሉ የሚዘርፈውን ቅኔ አዳምጦ ምሥጢሩን ይሰማል፤ ከዚያም ብቻውን ወደ ዛፍ ጥላ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ሄዶ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። የቆጠረውንም ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፤ ይታረማል፤ በማግሥቱም ሌላ ይቆጥራል። ያለፈውን ቀን ቅኔ ደግሞ ማቅረብ፣ ወይም የሌላውን የራስ አስመስሎ መናገር ነውር ነው።

ደረጃውን የጠበቀ መልመጃ

ለዛሬው መምህር ትልቁ ትምህርት የሚገኘው ከመልመጃው ቅደም ተከተል ነው። ጀማሪው የሚጀምረው ባለ 2 ቤት በሆነው በጉባኤ ቃና ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአብዛኛው የሚጠየቀው ምጣኔውንና አገባቡን እንዲጠብቅ እንጂ ጥልቅ ምሥጢር እንዲያመጣ አይደለም። ያን ሲያጠና ባለ 3 ቤት ወደሆኑት ዘአምላኪየና ሚ በዝኁ ይሸጋገራል፤ ከዚያም ባለ 5 ቤቱ ዋዜማ፣ ባለ 6 ቤቱ ሥላሴ፣ ባለ 8 ቤቱ መወድስ እያለ ይቀጥላል። ሁሉንም መቁጠር የቻለ ተማሪ «ሙሉ ቤት» ይባላል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሦስት መሠረታዊ ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፣ መልመጃው የሚያድገው በአንድ ጊዜ አንድ ችግር ብቻ እየተጨመረበት ነው። ሁለተኛ፣ ርእሱ ሁልጊዜ የተወሰነ ነው፤ የዕለቱ በዓል፣ የሚታወቅ ታሪክ ወይም በአካባቢው የተፈጸመ ነገር ይሆናል። ሦስተኛ፣ ቅርጹ ጠባብ ቢሆንም ሐሳቡ የተማሪው የራሱ መሆን አለበት። ተመሳሳይ አካሄድ በሌላውም ዓለም ነበር። በጥንታዊት ግሪክና ሮም ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ከአጭር ተረት ጀምረው ወደ ክርክርና ወደ ሙገሳ የሚያድጉባቸው ተከታታይ መልመጃዎች ይሰጡ ነበር፤ አፍቶኒዮስ የተባለው መምህር በ4ኛው መቶ ዘመን ያዘጋጃቸው 14 መልመጃዎች በአውሮፓ ለብዙ ዘመን አገልግለዋል።

የሥርዓቱ ጉድለት

ይህ ሲባል ቅኔ ቤቱ እንከን የለውም ማለት አይደለም። የድርሰቱ ቋንቋ ግእዝ በመሆኑ ሕፃኑ በአፍ መፍቻው ለመድረስ ዕድል አልነበረውም። ኑሮው ብርቱ ችግር የተሞላ ስለ ነበር ብዙዎች ሳይጨርሱ ይቀሩ ነበር። ሴቶች ልጆችም፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከደጁ አልደረሱም። በልጅነታቸው ዓይናቸውን አጥተው፣ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ በጎጃም ጽላሎ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዝናቸው የገነነው በሙያቸው ብቻ ሳይሆን፣ ለሴት ያልተከፈተውን በር በማለፋቸውም ጭምር ነው። የእርሳቸው ታሪክ ዕድሉን ያጡት ሌሎች ምን ያህል ሊደርሱ ይችሉ እንደ ነበር ያሳያል።

ዘመናዊው ትምህርት ቤትና ድርሰት

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ዘመናዊው ትምህርት ለረጅም ጊዜ ያተኮረው በውጭ ቋንቋዎች ላይ ነበር። አማርኛ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ የሆነው በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መንገድ ከፈተ። በባሕር ዳርም ከመንግሥት፣ ከዩኔስኮና ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በተገኘ ትብብር በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ የአሠልጣኝ መምህራን መፍለቂያ ሆነ። ይኸው ተቋም በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋህዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ።

በዚህ ሁሉ ለውጥ ውስጥ የቋንቋው ጥያቄ መልስ ሲያገኝ የደረጃው ጥያቄ ችላ ተባለ። «ከገንዘብና ከዕውቀት የቱ ይበልጣል?» ወይም «ከከተማና ከገጠር ኑሮ የቱ ይሻላል?» የሚሉትን ርእሶች የማያውቅ መምህር የለም። እነዚህ ርእሶች ለ4ኛ ክፍልም ለ10ኛ ክፍልም ሲሰጡ ይታያል። ተማሪው ያየው ነገር ስለማይጠየቅ የሰማውን ምሳሌያዊ አነጋገር ደርድሮ ያስረክባል። የምርጫ ጥያቄ የበዛበት ፈተናም ለድርሰት የሚሰጠውን ክብደት ይቀንሳል።

ለየዕድሜው የሚስማማ ርእስ

ከ7 እስከ 9 ዓመት ላሉ ሕፃናት የጉባኤ ቃናው ዓይነት ጠባብ ቅርጽ ይበቃል። በቤታቸው የለመዱትን እንቆቅልሽ መነሻ አድርጎ፣ ስሟን ሳይጠሩ ታንኳን በሁለት ዐረፍተ ነገር እንዲገልጹ ማድረግ ይቻላል። መጀመሪያ በቃል ይናገሩ፤ ከዚያ ይጻፉ።

ከ10 እስከ 12 ዓመት ላሉት ቅደም ተከተል ያለው ነገር ይስማማል። ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆና ታስሮ እንዴት ታንኳ እንደሚሆን፣ ወይም የዘጌ ቡና ከተለቀመ በኋላ እንዴት ገበያ እንደሚደርስ ይጻፉ።

ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉት በሌላው ዓይን ማየት ይችላሉ። ጣናን የወረረውን እምቦጭ አንድ ጊዜ መረቡ እንደ ተያዘበት ዓሣ አስጋሪ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እንደ ሐይቁ ራሱ ሆነው ቢጽፉት ሐሳባቸውም ቋንቋቸውም ይሰፋል።

ከዚያ በላይ ላሉት ማስረጃና ድርብ ትርጉም የሚጠይቅ ሥራ ይሰጥ። በ1953 ዓ.ም. የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ወይም በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በከተማይቱ ኑሮ ላይ ያመጣውን ለውጥ ሽማግሌዎችን ጠይቀው ይጻፉ፤ በአማርኛም ሰምና ወርቅ ያለው አጭር ጽሑፍ ይሞክሩ።

ማጠቃለያ

በክፍል ያለው የተማሪ ብዛት እርማትን እንደሚያከብድ የታወቀ ነው። ለዚህም ቅኔ ቤቱ በአስነጋሪ አማካይነት መላ ነበረው። የበረቱ ተማሪዎች የታናናሾቻቸውን ጽሑፍ እንዲሰሙ፣ መምህሩም በየሳምንቱ በተራ የጥቂቶቹን በጥልቀት እንዲያርም ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከመምህራን ማሠልጠኛ የሚጠበቀው ርእስ አወጣጥን ራሱን የቻለ ሙያ አድርጎ ማስተማር ሲሆን፣ የመጽሐፍ አዘጋጆች ድርሻ ደግሞ ለየክፍሉ የተለየ መልመጃ በቅደም ተከተል ማቅረብ ነው። የፈተና ክፍሎችም ተማሪው በራሱ ቃል ለሚጽፈው ቦታ ካልሰጡ፣ መምህሩ በክፍል የደከመበት በፈተና ቀን ዋጋ ያጣል።