የክረምት የምህንድስና ትምህርት እንዴት እንደተጀመረ



የዘንድሮው መጽሔት ሲዘጋጅ የዕድራችን ጸሐፊ «እርስዎም አንድ ነገር ይጻፉልን እንጂ» ቢሉኝ እሺ አልኩ። ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ስለ ምህንድስና ልጽፍ መነሣቴ ሊያስቃችሁ ይችላል። ነገር ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ በመዝገብ ቤት ሳገለግል የመሐንዲሶችን ፕላን አጥፌ ፋይል ውስጥ የማስገባ፣ ደብዳቤያቸውን ቁጥር ሰጥቼ ወጪ የማደርግ እኔ ነበርኩ። መሐንዲስ ምን እንደሚሠራ ግን ያን ሁሉ ዘመን አላውቅም ነበር። አለማወቄንም ያወቅሁት ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ሻንጣውን ይዞ ሲመለስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2000ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ ገደማ ከመቶው ተማሪ ሰባው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ትምህርት እንዲገባ በተወሰነበት ዘመን ልጄ ጥሩ ውጤት አመጣ። የምርጫ ፎርሙን ይዞ መጣና «አባዬ፣ አንደኛ ምርጫ ምን ልሙላ?» አለኝ። እኔም ሳላመነታ «ምህንድስና ነዋ! ሌላ ምን አለ?» አልኩት። ሞላ፤ ገባም። በሁለተኛው ዓመት ተመልሶ መጣ። «አባዬ፣ መሐንዲስ ምን እንደሚሠራ ሳላውቅ ነው እኮ የገባሁት» አለኝ። ምን ልመልስለት? እኔም አላውቅ። ዛሬ እግዚአብሔር ይመስገን የራሱ ሥራ አለው፤ ያች ቃል ግን ከልቤ አልወጣችም።

ከሁለት ዓመት በፊት አሜሪካ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ስትደውል የእሷ ልጅ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ክረምቱን በዩኒቨርሲቲ ገብታ ምህንድስና ምን እንደሆነ ስታይ መክረሟን ነገረችኝ። «ገና ሳትጨርስ?» አልኳት። «አዎ፣ ጋሼ፤ ሳይመርጡ እንዲያዩት ነው» አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ አሰብኩ። የጎረቤቴ ልጅ ከኢንተርኔት እያወጣ ሲያነብልኝ እኔ በደብተር ጻፍኩ። የሚከተለው ከዚያ የተገኘ ነው። የአሜሪካኑን ታሪክ በምጽፍበት ሁሉ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካኖች ወጣቱን ከኮሌጅ በፊት ከምህንድስና ጋር ማስተዋወቅ የጀመሩት ቀደም ብለው ነው። በ1950 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ክፍል ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች «ጄትስ» የተባለ ማኅበር ተቋቋመ። ነገሩ በብርቱ የተጧጧፈው ግን በ1957 ሩሲያ ስፑትኒክን ወደ ሰማይ ከላከች በኋላ ነው። አሜሪካኖች ደነገጡ፤ በ1958 ለሳይንስና ለሒሳብ ትምህርት ብዙ ገንዘብ የሚመድብ ሕግ አወጡ፤ ጎበዝ ጎበዝ ተማሪዎችም በክረምት በየዩኒቨርሲቲው ገብተው ይማሩ ጀመር። (የኛ ክረምት የእነሱ በጋ መሆኑን አትርሱ። ወሩ አንድ ነው፤ እነሱ ፀሐይ ሲሞቁ እኛ ጭቃ እንረግጣለን።)

ሆኖም ያ ሁሉ ዕድል ለማን ደረሰ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ1970 ከአሜሪካ ሕዝብ ከመቶ አሥራ አንዱ ጥቁር ሲሆን በምህንድስና ከሚመረቁት መካከል ግን ጥቁሮቹ ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ ነበሩ። የአእምሮ ጉድለት እንዳይመስላችሁ። ኤም አይ ቲ ከሚባለው ከታወቀው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1892 የተመረቀ ሮበርት ቴይለር የሚባል ጥቁር ነበር። አባቱ በባርነት ውስጥ ያለፈ አናጢና ግንበኛ ነው። ልጁ በሥነ ሕንፃ ተመርቆ ወደ አላባማ ሄደና የተስኪጊን ትምህርት ቤት ሕንፃዎች ነደፈ፤ ጡቡን የሚሠሩት ራሳቸው ተማሪዎቹ ነበሩ። ይህን ስሰማ እውነቱን ለመናገር እንባዬ መጣ። እንግዲህ ችሎታው ኖሮ ቁጥሩ ለምን አነሰ?

መልሱን በተግባር ካሳዩት አንዱ ዊልበር ሶመርተን የተባሉ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና መምህር ናቸው። እሳቸውና ሜሪ ፔሪ ስሚዝ የተባሉ የሒሳብ አስተማሪ በ1970 ኦክላንድ በሚገኝ የቴክኒክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ25 ተማሪዎች ብቻ «ሜሳ» የሚባለውን ፕሮግራም ጀመሩ። ያስተዋሉት ነገር ቀላል ነው። ልጁ ከኮሌጅ ደጅ ደርሶ የሚወድቀው እዚያ ሲደርስ አይደለም፤ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ላይ ከባዱን ሒሳብ ሲተው ነው የወደቀው። የሚተወውም ምን እንደሚያደርግለት የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። በቤቱም በሰፈሩም መሐንዲስ አይቶ አያውቅማ! ስለዚህ ሒሳቡን ሳይተው እንዲቀጥል ያስጠኑታል፣ የሥራ ቦታ ወስደው ያሳዩታል፣ ከመሐንዲስ ጋር ያገናኙታል። ሜሳ ዛሬ ከካሊፎርኒያ አልፎ በሌሎች ስቴቶችም ይሠራል። ሃያ አምስት ልጅ እኮ የኛ ሰፈር አንድ መንገድ ብቻ ያወጣዋል።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተፋጠነ። በ1973 የመሐንዲሶቹ አካዳሚ በዚሁ ጉዳይ ዋሺንግተን ላይ ሰፊ ስብሰባ አደረገ፤ በ1975 በፐርድዩ ዩኒቨርሲቲ የጥቁር መሐንዲሶች ብሔራዊ ማኅበር በተማሪዎች ተመሠረተ። በዚያው በ1970ዎቹ አጋማሽ ኤም አይ ቲም ለጥቁሮች፣ ለላቲኖችና ለቀደምት አሜሪካውያን ልጆች የክረምት ፕሮግራም ከፈተ። «ማይትስ» ይሉታል።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ እኔን የማረከኝ እሱ ነው። አሥራ አንደኛን ጨርሰው ወደ አሥራ ሁለተኛ የሚያልፉት ተመርጠው ለስድስት ሳምንት ያህል እዚያው ግቢ ያድራሉ። ለትምህርቱ፣ ለምግቡና ለመኝታው ቤተ ሰብ ሳንቲም አይከፍልም፤ የመንገዱን ብቻ ነው። ወጪው ከኩባንያዎች፣ ከበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ቀድሞ ከተማሩት መዋጮ ይሸፈናል። ያው እንደ ዕድር በሉት። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ የሕይወት ሳይንስ፣ ጽሑፍ ይማራሉ፤ ከዚያ ሌላ በቡድን ሆነው አንድ ነገር ነድፈው በእጃቸው ይሠራሉ። የኮሌጁ ተማሪዎች አብረዋቸው እያደሩ ያግዟቸዋል። በመጨረሻ መምህራኑ ስለ እያንዳንዱ ልጅ በጽሑፍ አስተያየት ይሰጣሉ። በየትምህርት ቤቱ አንደኛ የሚወጣ ልጅ እዚያ ሲገባ የሚያቅተው ጥያቄ ሲገጥመው የመጀመሪያ ጊዜው ይሆናል። በዚያ ዕድሜ፣ ጓደኛ ከጎኑ ሳለ ቢያቅተው ይሻለዋል። የእኔ ልጅ ብቻውን በሁለተኛው ዓመት ነው የገጠመው።

ክርክርም አልታጣበትም። ለአንዳንድ ዘር ብቻ መሆኑ በሕግ ጥያቄ ስላስነሣ በ2003 ለማንኛውም ዘር ልጅ ተከፈተ። በኋላም አሕጽሮቱ እንዳለ ሆኖ ትርጉሙ ተለወጠና «አናሳ ወገኖች» የሚለው ቃል ወጥቶ የኢንስቲትዩቱ ስም ገባበት። ይህ ደግ ነው ወይስ ክፉ? በሩ ለሁሉ መከፈቱ ደስ ይላል፤ በሩ የተቀደደው ለማን ብሎ እንደነበር መርሳቱ ግን ደስ አይለኝም።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ የአዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም፣ የምህንድስና ኮሌጁ በ1945 ዓ.ም ተከፍተዋል። በቅርቡም እንደ ፈረንጆቹ በ2009 ቢሾፍቱ ፎቃ ላይ ለወጣቶች የሳይንስ ማዕከል ተቋቁሟል፤ የባሕር ዳርን ጨምሮ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎችም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በክረምት ተቀብለው ቤተ ሙከራ ያስገባሉ። በጣም ያስመሰግናል። ይሁን እንጂ የሚደርሰው ለጥቂት ነው፤ ከሰፈራችን ልጆች እዚያ የገባ አልሰማሁም።

የዕድራችን አዳራሽ ሐምሌና ነሐሴ ድንኳንና ወንበር ለማውጣት ካልሆነ አይከፈትም። ከአባሎቻችን መካከል በጡረታ ያሉ አንድ የመንገድ ቀያሽና አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ በሳምንት ሁለት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ለማስተማርና ሥራ ወዳለበት ወስደው ለማሳየት ፈቃደኛ ሆነዋል። ቀያሹ የድሮ መሣሪያቸውን ይዘው እንደሚመጡም ነግረውኛል። ስም መዝጋቢው እኔ ነኝ፤ መዝገብ መቼም አያቅተኝም። እስካሁን አሥራ አራት ልጆች ተመዝግበዋል፣ ስድስቱ ሴቶች ናቸው። ጥያቄውን ለጠቅላላ ጉባኤው በጽሑፍ አቅርቤአለሁ። የአዳራሹ ቁልፍ ገንዘብ ያዣችን ዘንድ ነው፤ ለቅሶ የዋለ ዕለት አዳራሹን ወዲያው እንደምንለቅ ለእሳቸው ቃል ገብቻለሁ።