እንሰት፦ ምግብም ገመድም

እዚህ ሄሉ ስለ ረሃብ ታሪክ ስናስተምር አንድ ተማሪ፣ «እንሰት ባለበት ረሃብ የለም ይባላል፤ እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው ለእኛው ለመምህራኑ የቤት ሥራ ሆነብን። ከሰሜን የመጣነው እንሰትን የምናውቀው በኮባው፣ ማለትም ድፎ ዳቦ በሚጋገርበት ቅጠሉ ብቻ ነው። ከጌዴኦና ከሲዳማ የመጡት ባልደረቦቻችን ሳቁብን።

እንሰት ሙዝ ቢመስልም የሚበላው ግንዱና ከመሬት በታች ያለው አምቾው ነው። በዱር በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይገኛል፤ ለምግብ አላምዶ የሚያለማው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ነው። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ፣ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ተክሉን በሥዕል ጭምር ገልጾታል። በጎንደርም ይበቅል እንደነበር ጽፏል። ታዲያ ከሰሜኑ ማዕድ ለምን ራቀ? ምሁራን ዛሬም ይከራከሩበታል።

ሥራው የሴቶች ነው። ግንዱን በቀርከሃ ይፍቁና በቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ቀብረው ያብላሉታል፤ ቆጮ ይሆናል። ሲጨመቅ የሚጠልለው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው። ከፍቂው የሚቀረው ክር ደግሞ ቃጫ ይባላል፤ ገመድ፣ ጆንያና ምንጣፍ ይሠራበታል። ኬንያ ውስጥ ለክሩ ተብሎ የሚተከለው ሲሳል ከሜክሲኮ የመጣ ነው፤ ቃጫ ግን ከምግብ የተረፈ እኮ ነው! አሁን መሐንዲሶች ቃጫን ከፕላስቲክ ጋር አዋህደው ጠንካራ ቁስ ለመሥራት እየሞከሩ ነው።

ወደ ተማሪው ጥያቄ እንመለስ። መልሱ ግማሽ እውነት ነው። እንሰት ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጅበታል፤ አንድ ዝናብ ቢቀር አይሞትም፣ በፈለጉት ወር ይቆረጣል። ነገር ግን ሰው ሲቸገር ለጋውን ይቆርጣል፤ ያኔ የሚቀጥሉት ዓመታት ባዶ ይሆናሉ። በ2000 ዓ.ም. በወላይታ፣ በከምባታና በሲዳማ ማሳው ለምልሞ ሕፃናት ተርበዋል፤ «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለው ይኸው ነው። የአጠውልግ በሽታም አለ። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 እ.ኤ.አ. መንስኤው ባክቴሪያ መሆኑን ጽፈዋል። መድኃኒት የለውም፤ የታመመውን መንቀልና ቢላዋውን በእሳት ማጽዳት ነው። ደግሞም ቆጮ ጉልበት እንጂ ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል፤ አይብ ወይም ባቄላ ካልታከለበት ልጅ አያሳድግም።

ለሄሉ ሙቀት እንሰት አይሆንም። ለዚህ የሚስማማው የኮንሶው ሽፈራው ነው፤ ቅጠሉ እንደ ጎመን ይበላል። ስለ እሱ በሌላ እትም እንጽፋለን።

አረካ የሚገኘው የምርምር ማዕከል ከ600 በላይ የእንሰት ዓይነቶች ሰብስቧል። ስማቸውንና ጠባያቸውን አጥርተው የሚያውቁት ግን እናቶች ናቸው። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ከእናቶቻቸውና ከአያቶቻቸው የዓይነቶቹን ስም ጠይቀው እንዲጽፉ አዘናል። እስካሁን 14 ስም ደርሶናል፤ በአንዱ ላይ ሁለት እናቶች ተከራክረው ገና አልተስማሙም።