የተሽከርካሪ የሞባይል ሲግናል ማጉያ

የተሽከርካሪ የሞባይል ሲግናል ማጉያ በመኪና ላይ ተገጥሞ፣ በተንቀሳቃሽ ስልክና በኔትወርክ ማማ መካከል የሚመላለሰውን ደካማ የሬዲዮ ሞገድ በሁለቱም አቅጣጫ የሚያጎላ መሣሪያ ነው። የሚያስፈልገውም የመኪናው የብረት አካልና ሙቀት እንዲከላከል በስስ ብረት የተለበጠ መስታወት ሞገዱን ስለሚያዳክሙት ነው፤ ሆኖም መሣሪያው ያለውን ሞገድ ያጎላል እንጂ ጨርሶ ኔትወርክ በሌለበት ስፍራ አዲስ ሞገድ አይፈጥርም።

መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ በማግኔት ጣሪያ ላይ የሚጣበቅ የውጭ አንቴና፣ ከመኪናው ባትሪ ኃይል የሚያገኝ ማጉያ እና ለስልኩ ቅርብ የሆነ የውስጥ አንቴና አሉት። የውስጡ አንቴና የሚያሰራጨውን ሞገድ የውጭው መልሶ ከተቀበለው፣ ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያ ሲቀርብ ከሚሰማው ጩኸት ጋር የሚመሳሰልና ኦሲሌሽን የሚባል ራሱን የሚደጋግም ዑደት ተፈጥሮ የማማውን አገልግሎት ያውካል። በሁለቱ አንቴናዎች መካከል የሚጋረደው የብረት ጣሪያ፣ ሞገድን በማዳከም ችግር የሚፈጥር ቢሆንም፣ በዚህ ረገድ ጠቃሚ ነው።

በአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ደንብ፣ መሣሪያው ኦሲሌሽንን በራሱ እንዲገታ፣ ተጠቃሚውም የኔትወርክ አገልግሎት ሰጪውን ፈቃድ አግኝቶ መሣሪያውን እንዲያስመዘግብ ያስገድዳል። በርካታ ኔትወርኮችን ለሚያገለግሉ የተሽከርካሪ ማጉያዎች የተፈቀደው የማጉላት መጠን (ጌይን) በአብዛኛው ከ50 ዴሲቤል፣ ማለትም ከ100,000 እጥፍ የኃይል ጭማሪ፣ የማይበልጥ ሲሆን፣ ስልኩ በመያዣ ላይ ተቀምጦ ለሚሠራባቸው ዓይነቶች ጣሪያው 23 ዴሲቤል ነው።