ለዕለቱ የተለካ ሥራ

ከአንበሳሜ እስከ ደብረ ታቦር ባለው ደጋ ሥራ በቀን ሲለካ ኖሯል። መሬቱ ራሱ የሚቆጠረው በጥማድ ነው፤ አንድ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው፣ በግምት ሩብ ሄክታር። ደቦ የጠራ ገበሬም ጎረቤቶቹን የሚያሰልፈው ፀሐይ ሳትጠልቅ ሊያልቅ የሚችል አረም ወይም አጨዳ ላይ ነው። የማሳው ዳር ከፊት ይታያል፤ ማን እንደቀደመና ማን ወደ ኋላ እንደቀረ ሰልፉ ያሳያል፤ የዘፈኑ አውራጅ እጅ እንዳይዝል ይጠብቃል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሳምንትና የወር ዕቅድ እየተሰጠ ሠራተኛ በቡድን የሚገመገምበት አሠራር ከዚህ በመሠረቱ የራቀ አይደለም። አጭር ልክ ሰውን ያተጋል። የሚያተጋው ግን ለተለካው ነገር ብቻ ነው፤ ያልተለካው የትም ሊወድቅ ይችላል። ይህን ከማንኛውም ታሪክ አጉልቶ የሚያሳየው ከደብረ ታቦር የተነሣው የዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ጉዞ ይመስለኛል።

ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ይህን መድፍ የሚያሳልፍ መንገድ አልነበረም። ስለዚህ መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት እየተሠራ ሄደ። ስድስት ወር ገደማ የፈጀው ይህ ሥራ የተገፋው በዕለት ዕለት ልክ ነበር፤ ዛሬ ይህ ዐለት ይነሣ፣ ዛሬ ይህ ቁልቁለት ይደልደል፣ መድፉ እስከዚህ ይድረስ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። የጅዳና የበሽሎ ገደሎች የታለፉት በዚህ ዓይነት ነው፤ በኋላ ንጉሡን ሊወጉ መጥተው መንገዱን ያዩት እንግሊዞች፣ የዘመቻውን ታሪክ የጻፈውን ማርካምን ጨምሮ፣ ሥራውን አድንቀው ጽፈዋል።

ይህን ሁሉ ያሠራው ፍርሃት እንጂ የዕለት ልክ አይደለም የሚል ይኖራል። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ የንጉሡ ቅጣት ምን ያህል የከፋ እንደነበር በጊዜው የነበሩ ሁሉ ይመሰክራሉ። ነገር ግን ፍርሃት በዚያው ወራት ሠራዊቱን እያስኮበለለ ያሳሳው ኃይልም ነበር። ብቻውን ቢሆን ኖሮ በ500 ያህል ሰው የሚጎተት ብረት ያን ገደል ወርዶ ባልወጣ። የቀሩትን በአንድ ገመድ ያስተባበራቸው፣ ማምሻውን ከጠዋቱ የተለየ ቦታ ላይ መገኘታቸው ነው እላለሁ። ጉዳቱ ያለውም እዚሁ ላይ ነው። መድፉ የተጓዘው ሲለካ፣ የተዘረፈው የበጌምድር ገበሬ ጎተራ አልተለካም፤ ከንጉሡ የራቀው ሕዝብም አልተቆጠረም። በመጋቢት ሴባስቶፖል መቅደላ ደረሰ፤ መንግሥቱ ግን ከኋላ ቀርቶ ነበር። በናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦርም ከዋድላ ቤተ ሖር ጀምሮ በዚያው በተደለደለው መንገድ ተከትሎ ወረደ። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን ሞቱ።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በደርግ ዘመን፣ በአገሪቱ ደጋማ አካባቢዎች ለሥራ ቀን 3 ኪሎ እህል እየተሰፈረ እርከን ተሠራ። የሚቆጠረው ሜትር ነበር፤ ሜትሩም ሞላ። ከ1982 ዓ.ም. በኋላ ሥራውን ያስገድዱ የነበሩት የገበሬ ማኅበራት ኃይል ሲላላ ግን ብዙው እርከን በገበሬው በራሱ እጅ ፈረሰ። ምክንያቱ የመሬት ዋስትና ማጣትና ግዴታው ነው የሚሉ ትክክል ናቸው፤ እኔም አልክድም። ሆኖም ግዴታውን ለዓመታት ስኬት አስመስሎ ያሳየው ያ የሜትር ቁጥር ነው። ወንፈልም ቀን በቀን ይቆጠራል፤ ዛሬ የሠራሁልህን ነገ ትከፍለኛለህ። ልዩነቱ ሥራውን የሚያየው ዓይን ነው፤ የጎረቤቱን እህል አበላሽቶ ያጨደ ሰው በተራው በራሱ ማሳ ላይ ያንኑ እጅ እንደሚቀበል ያውቃል። ሪፖርት ተቀባይ እንዲህ ያለ ተራ የለውም።

በየበጋው በሕዝብ ንቅናቄ የሚሠራው የተፋሰስ ልማት ዛሬም በደቡብ ጎንደር ቁልቁለቶች ላይ በሜትርና በሄክታር ይቆጠራል። ቆጠራው ይቁም አልልም፤ ያለ እሱ ሺህ ሰው ከተራራ ላይ በአንድ ሐሳብ አይቆምም። ግን ሁለተኛ ቀን ይጨመርለት፤ በመስከረም፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ የየካቲቱን እርከን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ተመልሰው የቆመውን ከፈረሰው ለይተው ይቁጠሩ፣ የወረዳው ሪፖርትም በዚያ ቁጥር ይጀምር።