የምንባብን ዋና ሐሳብና ደጋፊ ዝርዝሮች መለየት፦ ለመምህራንና ለወላጆች የተዘጋጀ መረጃ

አንድ ተማሪ ምንባብን ሳይደናቀፍ ጮክ ብሎ ማንበብ መቻሉ ብቻውን ያነበበውን ተረድቷል አያሰኝም። 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በ7 ቅርጽ ሲዘረዘሩ 231 ሆሄያት ስለሚሆኑ፣ በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት አብዛኛው የልጁ ጥረት እነዚህን በመለየት ላይ ይውላል። ከፍ ወዳሉት ክፍሎች ሲሸጋገር ግን ሳይንስንም ሆነ ሌሎች ትምህርቶችን ከመጽሐፍ አንብቦ መማር ይጠበቅበታል። በዚህ ጊዜ ዋናውን ሐሳብ ከዝርዝሩ መለየት ያልለመደ ተማሪ ሁሉንም ዓረፍተ ነገር በቃሉ ለመሸምደድ ይገደዳል፤ ጥያቄው በሌላ አገላለጽ ሲቀርብለትም መልሱን ያጣዋል። በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ክህሎቱ አስቀድሞ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መዳበሩ ጠቃሚ ነው።

የቃላቱ ፍቺ

• ርእሰ ጉዳይ፦ ምንባቡ ስለ ምን እንደሚናገር የሚያመለክት ቃል ወይም ሐረግ ነው።
• ዋና ሐሳብ፦ ጸሐፊው ስለ ርእሰ ጉዳዩ የሚያስተላልፈው ቁም ነገር ሲሆን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይገለጻል።
• ኃይለ ቃል፦ የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የያዘው ዓረፍተ ነገር ነው። በአንቀጹ መጀመሪያ፣ መካከል ወይም መጨረሻ ሊገኝ ይችላል። በግልጽ ሳይጻፍ ሲቀር ተማሪው ከዝርዝሮቹ ተነሥቶ ራሱ ይመሠርተዋል።
• ደጋፊ ዝርዝሮች፦ ዋናውን ሐሳብ የሚያብራሩ ምሳሌዎች፣ ምክንያቶች፣ ማስረጃዎችና ቁጥሮች ናቸው።

ማሳያ አንቀጽ

«እንሰት በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለሚገኙ በርካታ አርሶ አደር ቤተሰቦች ሁለገብ ጥቅም የሚሰጥ ተክል ነው። ተፍቆ ከሚገኘው ምርት ቆጮና ቡላ ይዘጋጃል። አሚቾ የሚባለው የሥሩ ክፍል ተቀቅሎ ይበላል። ቃጫው ለገመድ መሥሪያ፣ ቅጠሉም ለከብቶች መኖ ያገለግላል። ተክሉ በመልኩ ሙዝን ይመስላል።»

የአንቀጹ ርእሰ ጉዳይ «እንሰት» ነው። ዋናው ሐሳብ ግን «እንሰት ለቤተሰብ ብዙ ዓይነት ጥቅም ይሰጣል» የሚለው ነው። ምግቡ፣ ቃጫውና መኖው ይህን የሚደግፉ ዝርዝሮች ናቸው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እውነት ቢሆንም ስለ ጥቅሙ ስለማይናገር ዋናውን ሐሳብ አይደግፍም።

ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዶቹ «ከእንሰት ቆጮ ይዘጋጃል» በማለት አንዱን ዝርዝር ብቻ ይወስዳሉ፤ ይህ መልስ ጠባብ ነው። ሌሎቹ «ተክሎች ለሰው ልጅ ይጠቅማሉ» ይላሉ፤ ይህ ደግሞ ከምንባቡ የሰፋ ነው። ትክክለኛውን መልስ ለመለየት «የቀሩት ዓረፍተ ነገሮች አብዛኛዎቹ ይህን ይደግፋሉን?» ብሎ መጠየቅ ይረዳል።

በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙ ፍንጮች

በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚመጣ፣ ተማሪው ረጅም ዓረፍተ ነገርን እስከ አራት ነጥቡ ድረስ አንብቦ «ማን ምን አደረገ?» ብሎ እንዲጠይቅ ማለማመድ ያስፈልጋል። አያያዥ ቃላትም መንገድ ያመለክታሉ። «ለምሳሌ» እና «ከእነዚህም መካከል» የሚሉት ብዙውን ጊዜ ዝርዝርን ያስከትላሉ። «ስለዚህ» እና «በአጠቃላይ» ወደ ማጠቃለያ ይወስዳሉ። «ይሁን እንጂ» ሲመጣ ጸሐፊው ሊያጎላው የፈለገው ነጥብ ከዚያ በኋላ ሊገኝ ስለሚችል ልብ ብሎ ማንበብ ይገባል።

በክፍል ውስጥ

1. በቅድመ ንባብ ወቅት ተማሪዎች ከርእሱና ከሥዕሉ ተነሥተው ይዘቱን እንዲገምቱ ያድርጉ።
2. በንባብ ወቅት መምህሩ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ዋናውን ሐሳብ እንዴት እንዳገኘ ድምፁን አሰምቶ ያሳይ፤ በሁለተኛው ከተማሪዎቹ ጋር ይሥራ፤ ሦስተኛውን ለእነርሱ ይተው።
3. በድኅረ ንባብ ወቅት ተማሪዎች ዋናውን ሐሳብ በራሳቸው ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ከሥሩ ሁለት ወይም ሦስት ዝርዝሮችን ያስፍሩ። መልሳቸውን ከምንባቡ ጠቅሰው እንዲያስረዱም ይጠየቁ።

በቤት ውስጥ

ልጅን ለመርዳት ወላጅ የግድ ፊደል የቆጠረ መሆን አያስፈልገውም። ልጁ ያነበበውን ቤተሰቡ በሚናገርበት ቋንቋ እንዲተርክ ማድረግና ሦስት ጥያቄዎችን ማቅረብ ይቻላል፦ ስለ ምን ያወራል? ስለ እርሱ ምን ይላል? በምን ታወቀ? ተረት ከተነገረ በኋላም «ቁም ነገሩ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ተመሳሳይ ልምምድ ነው። ልጁ ሲሳሳት መልሱን ከመንገር ይልቅ ወደ ምንባቡ ተመልሶ እንዲያይ ማበረታታት ይመረጣል።

ችግሩ ከቀጠለ

በመጀመሪያ ልጁ የሚቸገረው ቃላቱን በማንበብ ወይስ ትርጉማቸውን በመረዳት እንደሆነ ይለዩ፤ የሚያስፈልገው ድጋፍ በዚሁ ይወሰናልና። ቃላቱን በማንበብ የሚቸገር ከሆነ የማየትና የመስማት ችግር እንደሌለበት ማረጋገጥም ይገባል። ቀጥሎ የክፍሉን ወይም የቋንቋ መምህሩን በማነጋገር ልጁ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚያገኝበትን ሁኔታ ይጠይቁ። ጉዳዩ የብዙ ተማሪዎች ከሆነም በትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል ለውይይት ማቅረብ ይቻላል።