የመንግሥት ሠራተኛ ሲቈጠርና ሲመዘን

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሰው በሌላው ላይ ከመፍረዱ በፊት የራሱን ስሕተት ቢናገር ምክሩ ይታመናልና እኔም አስቀድሜ የራሴን እናገራለሁ።

አባቴ በሞተ ጊዜ እናቴ ጡረታውን ለመቀበል ማስረጃ ማቅረብ ነበረባት። እርሷ ፊደል ስላልቈጠረች እኔ እጇን ይዤ አባቴ ይሠራበት ወደ ነበረው መሥሪያ ቤት ወሰድኋት። የመጀመሪያው ጸሐፊ «ዶሴው የለም፤ ነገ ኑ» አለን። በማግሥቱ ስንሄድ ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል ተባልን። በሦስተኛው ቀን ሌላው ጸሐፊ ጋዜጣውን እንኳ ሳያጥፍ «ሰኞ ተመለሱ» ሲለን ንዴቴ ገነፈለና «ከእነዚህ ሰዎች ግማሹ ዛሬ ቢባረር አገሩ ምን ይጐድልበታል!» ብዬ ጮኽሁ። ደጅ የሚጠናው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ያጨበጨበልኝም ነበረ።

በዚያን ጊዜ ከጓዳው ክፍል አንድ አቧራ የለበሱ ሽማግሌ ወጡና እኔን ሳይሆን እናቴን እያዩ «ልጄ፤ ባለቤትሽ መጀመሪያ የተቀጠረው በየትኛው ክፍል ነበር?» ብለው ጠየቋት። ነገረቻቸው። እርሳቸውም መሰላል ላይ ወጥተው ከጣራው ሥር ከተቈለለው ወረቀት መካከል አንዱን እስር ስበው ፈቱት፤ የአባቴም ዶሴ ከውስጡ ተገኘ። ከብዙ ዓመት በፊት ሁለት ክፍሎች ሲቀላቀሉ የሠራተኞቹ ዶሴ በአሮጌው ክፍል ስም ታስሮ እንደ ቀረ የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ጡረታዋን የበላችው በእኒህ ሽማግሌ እውቀት ነው።

ጥቂት ዓመታት አልፈው ያ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን ቀነሰ። ሽማግሌው የትምህርት ማስረጃ የላቸውም ተብለው ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተሰናበቱ፤ ሻይ ሊጠጣ የወጣው ጸሐፊ ግን ዘመድ ነበረውና ቀረ። ከዚያ በኋላ የአባቴ ባልንጀራ ሚስት ባሏ ሞቶባት ለዚሁ ጉዳይ ብትመላለስ ዶሴውን የሚያገኝላት ሰው ጠፋ። እኔ በቍጣ የተመኘሁት ነገር ተፈጸመ፤ የተባረረው ግን እንዲባረር የተመኘሁት ሰው አልነበረም። ይህ ነገር ኅሊናዬን ስለ ወቀሰው፤ ሌሎች አገሮች ሠራተኞቻቸውን እንዴት እንደ ሾሙ፤ እንዴትም እንደ ቀነሱ ለመረዳት ታሪክ ማንበብ ጀመርሁ። ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ የአሜሪካ ታሪክ ስለ ሆነ እርሱን ባጭሩ አቀርባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1829 ዓ.ም. አንድሩ ጃክሰን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነ። ይህ ሰው በዘመኑ የነበሩት የመንግሥት ሠራተኞች ሥራቸውን እንደ ርስት ቈጥረው ተደላድለው ተቀምጠዋል ይል ነበር። የመንግሥት ሥራ ቀላልና ግልጽ ስለ ሆነ አእምሮ ያለው ሰው ሁሉ ሊሠራው ይችላል፤ ስለዚህ ሹመት ከሰው ወደ ሰው መዘዋወር ይገባዋል ሲልም ለምክር ቤቱ አስረዳ። ነገሩ በከፊል እውነት ነበረበት። በአንድ ወንበር ላይ ያረጀና ሕዝቡን የረሳ ሠራተኛ በየትም አገር አይጠፋም። ጃክሰን ራሱም ከሠራተኞቹ የሚበዙትን አልነካም። ነገር ግን የከፈተው በር ከእርሱ በኋላ እየሰፋ ሄደ። በ1832 ዓ.ም. የኒውዮርኩ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ዊሊያም ማርሲ፤ በምርጫ ድል ያደረገ ወገን ምርኮውን መውሰዱ ነውር የለበትም ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ፓርቲ በተለወጠ ቍጥር ከፖስታ ቤት ሹም እስከ ጕምሩክ ጸሐፊ ድረስ የቀድሞው ይወጣል፤ የአሸናፊው ወዳጅ ይገባል።

እኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚል አሮጌ ተረት አለን። ይህን ተረት አሜሪካኖች ባያውቁትም ሥራውን ግን ሠርተውታል። ነገ እንደሚሻር የሚያውቅ ሰው ዛሬ ይሰበስባል። ጃክሰን የኒውዮርክን ወደብ ጕምሩክ እንዲያስተዳድር የሾመው ሳሙኤል ስዋርትዋውት በ1838 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ኰበለለ፤ ሒሳቡም ሲመረመር ከ1 ሚሊዮን 200 ሺህ ዶላር በላይ ጐደለ። ሥራ ሁሉ ቀላል ነው ተብሎ ነበር፤ የሰውን ታማኝነት ማወቅ ግን ቀላል ሆኖ አልተገኘም።

ይህ ሥርዐት ሃምሳ ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ ደም አፈሰሰ። በ1881 ዓ.ም. ጄምስ ጋርፊልድ ፕሬዚዳንት ሲሆን ቻርልስ ጊቶ የሚባል ሰው «ለምርጫው ደክሜአለሁና በፓሪስ ቆንስል ልሁን» እያለ ደጅ ይጠና ነበር። አእምሮው የታወከ ሰው ነበረ፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን በሺህ የሚቈጠሩ ጤነኞችም ይህንኑ ልመና ይለምኑ ስለ ነበር የእርሱ ልመና ለብቻው አላስደነቀም። ባልተሾመ ጊዜ ሐምሌ 2 ቀን በዋሽንግተን የባቡር ጣቢያ ፕሬዚዳንቱን በሽጕጥ መታው። ጋርፊልድም ሰማንያ ቀን ያህል ታሞ መስከረም 19 ቀን ሞተ።

በእግሩ የተተካው ቼስተር አርተር ነበር። አርተር ቀድሞ የዚያው የኒውዮርክ ጕምሩክ ሹም የነበረ፤ ሹመት ለወዳጅ በሚታደልበት ሥርዐት ያደገ ሰው ነው። ስለዚህ ከእርሱ መልካም ነገር የጠበቀ ጥቂት ነበረ። ዳሩ ግን ጥር 16 ቀን 1883 ዓ.ም. የፔንድልተን ሕግ የተባለውን የፈረመው እርሱ ሆነ። በዚህ ሕግ አንዳንድ የመንግሥት ሥራዎች በፈተና እንዲሰጡ፤ ሠራተኛም ለፓርቲ መዋጮ አላወጣም ብሎ እንዳይባረር ታዘዘ። በመጀመሪያ ሕጉ የነካው ከአሥር ሠራተኛ አንዱን ያህል ብቻ ነበር፤ በኋላ ግን እየሰፋ ሄደ። በ1912 ዓ.ም. የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ በዚህ ሥርዐት የተቀጠረ ሠራተኛ ለሥራው መቃናት የሚጠቅም ምክንያት ሳይኖር፤ ምክንያቱም በጽሑፍ ሳይነገረው እንዳይሰናበት ደነገገ።

እንግዲህ ልብ በል፤ አንባቢዬ። ዛሬ ብዙ ሰው «የመንግሥት ሠራተኛ ለምን በቀላሉ አይባረርም?» እያለ የሚያማርረው ይህ አጥር፤ ለሰነፍ መጠለያ እንዲሆን አልተሠራም። የተሠራው ሠራተኛው ለጌታው ሳይሆን ለሕጉ እንዲያገለግል ነው። ሰነፍም ከአጥሩ ሥር መጠለሉ እውነት ነው። ነገር ግን ጅብ ገባበት ተብሎ አጥሩን የሚያቃጥል ገበሬ የለም፤ ጅቡን ያስወጣል፤ የፈረሰውንም ይጠግናል።

በሃያኛው መቶ ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ሥራ ሲበዛ የሕዝቡም ማጕረምረም በዛ። ጂሚ ካርተርም ሮናልድ ሬገንም ለምርጫ ሲወዳደሩ በዋሽንግተን ቢሮዎች ላይ የተሰማውን ቅሬታ ተጠቀሙበት፤ የአንዱ ፓርቲ ከሌላው የተለየ ነበር። ሬገን ሥልጣን በያዘበት ቀን፤ ጥር 20 ቀን 1981 ዓ.ም.፤ አዲስ ሠራተኛ እንዳይቀጠር አገደ። ካርተርም ከእርሱ በፊት እንዲህ ያለውን እገዳ ሦስት ጊዜ አውጥቶ ነበር። በ1982 ዓ.ም. የምክር ቤቱ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት አራቱን እገዳዎች መርምሮ፤ የሠራተኛውን ቍጥር እምብዛም እንዳልቀነሱ፤ ሥራውን ግን እንዳደናቀፉ ገለጸ። ጸሐፊ እንዳይቀጠር ሲከለከል ሥራው አይከለከልምና ወይ ይከማቻል ወይም ለውጭ ተቋራጭ ይሰጣል።

ቀጥሎ ቢል ክሊንተን መጣ። በመስከረም 1993 ዓ.ም. ምክትሉ አል ጎር 252 ሺህ ሠራተኛ እንዲቀነስ ሐሳብ አቀረበ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ቍጥሩን ወደ 272 ሺህ 900 ከፍ አደረገው፤ በፈቃዱ ለሚወጣ ሠራተኛም እስከ 25 ሺህ ዶላር እንዲሰጠው ፈቀደ። ይህ አሠራር ከማባረር ይልቅ ርኅራኄ ነበረበት፤ ወረቀት ማብዛቱንም ለመቀነስ የተደረገው ጥረት ያለ ፍሬ አልቀረም። ግን ገንዘቡን ተቀብሎ የሚወጣው ማን ነው? ሌላ ሥራ የሚያገኘውና ብዙ ዘመን ያገለገለው ነው። በ2001 ዓ.ም. ያው መርማሪ መሥሪያ ቤት፤ መንግሥት የሰው ኀይሉን የሚይዝበት አኳኋን ለአገሪቱ ከባድ አደጋ ካለባቸው ጕዳዮች አንዱ ነው ብሎ መዘገበ። ብዛቱ ተቈጥሮ ነበር፤ እውቀቱ ግን አልተመዘነም ነበር።

በዚሁ መካከል አንድ የሚያሳዝን ነገር ሆነ። ሚያዝያ 19 ቀን 1995 ዓ.ም. በኦክላሆማ ከተማ መንግሥትን የሚጠላ አንድ የቀድሞ ወታደር የፌደራል መሥሪያ ቤቶች የነበሩበትን ሕንፃ በቦምብ አፈረሰው። 168 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም 19ኙ ሕፃናት ነበሩ። ነፍሰ ገዳዩን የሠራው የሕዝብ ሐሜት ነው አልልም፤ እንዲህ ማለት ሐሰት ነው። ነገር ግን እስከዚያ ቀን «ቢሮክራት» በሚባል አንድ የንቀት ቃል ሲጠሩ የነበሩት ሰዎች፤ አባትና እናት፤ ጎረቤትና ባልንጀራ መሆናቸውን አገሩ ያየው ከፍርስራሹ ሲወጡ ነው።

ከሕንፃው ውስጥ ከነበሩት አንዱ ለጡረተኞችና ለአካለ ስንኩላን አበል የሚያስፈጽም ሠራተኛ ነበር። ይህ ሰው ወደሚፈርሰው ሕንፃ አራት ጊዜ ተመልሶ ገብቶ ሦስት ሴቶችን አዳነ። በዚያው ዓመት በኅዳር ፕሬዚዳንቱና ምክር ቤቱ በበጀት ስላልተስማሙ መሥሪያ ቤቶች ሲዘጉ እርሱም ከቢሮው ወጣ፤ በሁለተኛው መዘጋት ጊዜ ደግሞ ያለ ደመወዝ ሠራ። ጥር 23 ቀን 1996 ዓ.ም. ክሊንተን ለምክር ቤቱ ሲናገር፤ የትልቅ መንግሥት ዘመን አለፈ ካለ በኋላ፤ በዚያው ንግግር ይህን ሰው ከተቀመጠበት አስነሥቶ አመሰገነው፤ ምክር ቤቱም ቆሞ አጨበጨበ። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ፤ በዚያ መሥሪያ ቤት ለእኔ ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ትዝ አሉኝ። ጭብጨባ ለስድብም ለምስጋናም ቀላል ነው፤ ደመወዙን በወቅቱ መክፈል ግን ይከብዳል።

በ2025 ዓ.ም. ነገሩ እንደ ገና ተነሣ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዘበት ቀን የመንግሥትን ሥራ ቅልጥፍና የሚመለከት አዲስ ክፍል አቋቋመ፤ በዚያው ወር ከሁለት ሚሊዮን ለሚበልጡት ሠራተኞች፤ በፈቃዱ የሚለቅ ለጥቂት ወራት ደመወዝ እየተከፈለው እንዲለቅ የሚል መልእክት ተላለፈ። በየካቲትም ብዙ አዲስ ተቀጣሪዎች ባንድ ጊዜ ተሰናበቱ። ከተሰናበቱትም መካከል የኑክሌር መሣሪያ የሚጠብቁና የወፍ ጕንፋን የሚከላከሉ ሠራተኞች እንዳሉበት በተገለጠ ጊዜ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዲመለሱ መፈለግ ግድ ሆነ። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። የዋሽንግተን ውሳኔ እኛም ዘንድ ደርሷል፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ርዳታ ሲቋረጥ በእርሱ ደመወዝ የሚከፈላቸው በሺህ የሚቈጠሩ የኢትዮጵያ የጤና ሠራተኞች ውል ፈረሰ።

ሠራተኞችን መቀነስ ፈጽሞ አይገባም ማለቴ አይደለም። ግብር ከፋዩ ገበሬ በላቡ ያገኘውን የሚሰጠው ጋዜጣ ለሚያነብ ጸሐፊ አይደለም። ሥራው ያለቀ ክፍል ሊዘጋ፤ ሥራውን የናቀም ሊሰናበት ይገባዋል። ነገር ግን የአሜሪካ የፌደራል ሠራተኛ፤ የፖስታው ሳይቈጠር፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከሁለት ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ ነበር፤ ሕዝቡ ከ200 ሚሊዮን ወደ 330 ሚሊዮን ካደገ በኋላም ከዚያ ብዙ አልራቀም። «በዝተዋል» የሚለው ጩኸት ግን አንድም ጊዜ አላቋረጠም። ስለዚህ ጩኸቱን ያነሣሣው ቍጥር ብቻ አይመስለኝም። ሰው በመስኮት አጠገብ ቆሞ ሲናቅ፤ ከፊቱ የተቀመጠው አንዱ ሰው ሺህ ሆኖ ይታየዋል።

ወጣት ሆይ፤ ነገ ከመስኮቱ በወዲያ ብትቆም፤ ከሚያንገላታህ ጸሐፊ ጀርባ አቧራ የለበሰ ሽማግሌ እንዳለ አስብ፤ ሁለቱንም በአንድ ቃል አትስደብ። በአለቅነት ወንበር ብትቀመጥና ቀንስ ብትባል፤ ሰዎቹን ከመቍጠርህ በፊት እያንዳንዱ ምን እንደሚያውቅ ጠይቅ፤ የምታሰናብተውንም ምክንያቱን ነግረህ አሰናብት። ከመስኮቱ በወዲህ ከሆንህ ደግሞ ጋዜጣህን አጥፈህ ተነሥ። አንተ «ነገ ኑ» ባልህ ቍጥር፤ አንድ ወጣት እኔ የጮኽሁትን ጩኸት ይጮኻል፤ በጩኸቱም ምክንያት የሚባረረው አንተ ሳትሆን ከጓዳው ያለው ሽማግሌ ሊሆን ይችላል።

እኔ እኒያን ሽማግሌ ከተሰናበቱ በኋላ ፈልጌ ላመሰግናቸው አስቤ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ሞታቸውን ሰማሁ። ይህን የጻፍሁት ያን ዕዳ በጥቂቱ ለመክፈል ነው።